የጁሙዓው መዋጮ ካለቀ በኋላስ?



አያቴ ቀኝ ጎኗ ከማይንቀሳቀስ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ስትሮክ ነው የተባለው። ቤታችን ከመቱ ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። በታመመች ሰሞን የሰፈራችን ሰው ያደረገልንን አልረሳውም። ኢማሙ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ተነሥተው ተናገሩ፤ ሰዉም የቻለውን እየሰጠ ወጣ፤ ብሩ በፌስታል ተቋጥሮ ቤታችን መጣ። የመኪናው፣ የምርመራውና የመጀመሪያው መድኃኒት ወጪ የተሸፈነው በዚያ ብር ነው። አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ለሁሉም አጅራቸውን ይክፈላቸው።

በአራተኛው ወር ግን ፌስታሉ ባዶ ሆነ፤ ሕመሙ ግን አልሄደም። የደም ግፊት መድኃኒቷ በየወሩ ይገዛል። ጀርባዋ እንዳይቆስል ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለባት። የሚያጎርሳት፣ የሚያጥባት፣ ለሰላት የሚያዘጋጃት ሰው ያስፈልጋል። አባቴ ገና ያልተለቀመ ቡናውን ለነጋዴ በርካሽ ሸጠ። ታናሽ እህቴ ዘጠነኛ ክፍልን አቋረጠች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ዛሬ የአያቴን ሕመም ወጪ ማን እየከፈለ እንደሆነ ብትጠይቁኝ መልሴ አንድ ነው፦ እህቴ።

ይህን የምጽፈው ሰውን ለመውቀስ አይደለም። ከበደሌ እስከ ጎሬ ብትሄዱ፣ የታመመ ጎረቤቱን የማይጠይቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ችግሩ ርኅራኄ ማጣት ሳይሆን ርኅራኄያችን የተዘጋጀው ለድንገተኛ ነገር ብቻ መሆኑ ነው። በክፍል ውስጥ እንደተማርነው የኮንክሪት ቢም የአንድ ቀን ጭነት ችሎ፣ ለዓመታት ሳይነሣለት በሚቆይ ጭነት ቀስ በቀስ ሊጎብጥ ይችላል። ክሪፕ ይሉታል። ብዙ ቤተሰቦቻችንም እንዲህ እየጎበጡ ነው። እድራችን እንኳ ሰው ሲሞት ፈጥኖ ይደርሳል፤ አልጋ ላይ ሲከርም ግን አብዛኛውን ጊዜ ደንቡ አይፈቅድለትም።

ታዲያ ምን እናድርግ? በእጃችን ካለው ልጀምር።

የመጀመሪያው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዱ ወረዳ ጎረቤታችን የሆነው የጅማ ዞኑ ሊሙ ኮሳ ነበር። ቤተሰብ በዓመት አንዴ ያዋጣል፤ ሲታመም ውል በተገባባቸው ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ይታከማል፤ መክፈል ለማይችሉ ድሆች ደግሞ መንግሥት ይከፍልላቸዋል። እኛ ቤት ካርዱ ሳይታደስ የቀረው ማንም ስላላስታወሰ ብቻ ነው። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ እኔ እችላለሁ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው። ለእረፍት ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት ካርዱ መታደሱንና የአያታችሁ ስም በካርዱ ላይ መኖሩን ይሁን።

«መድን ሐራም አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ በዶርማችን ሳይነሣ ቀርቶ አያውቅም። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም። ነገር ግን በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1985 (እ.ኤ.አ.) ለትርፍ የሚሠራውን የንግድ ኢንሹራንስ ሲከለክል፣ በመረዳዳት ላይ የቆመውን የትብብር መድን ፈቅዷል። የኛው መድን ባለ አክሲዮን የሚያተርፍበት አይደለም፤ ጤነኛው ለታመመው የሚያዋጣበት ነው። ጥርጣሬ ያለው ሰው ኡስታዙን ይጠይቅ፤ ሳይጠይቅ ግን ቤተሰቡን ያለ ካርድ አያስቀር።

መድኑ ሕክምናን እንጂ ማስታመምን አይከፍልም። በሽተኛ ለሚያገላብጥ ሰው፣ ለዳይፐር፣ ለሳሙና፣ ለባጃጅ የሚሆን ገንዘብ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ሁለተኛው ነገር እዚህ ላይ ይገባል፤ ዘካ።

ሱረቱ አት-ተውባ ዘካ የሚገባቸውን ስምንት ወገኖች ሲዘረዝር ድሆችና ሚስኪኖች ከፊት ናቸው፤ ባለ ዕዳዎችም አሉበት። ለሕክምና ተበድሮ መክፈል ያቃተው ቤተሰብ ከነዚህ ውጪ አይሆንም። እኛ ግን ረመዷን ሲመጣ በር ላይ ለተሰለፈው ሁሉ ጥቂት ጥቂት ብር እያደልን እንጨርሰዋለን። የማሊኪና የሐንበሊ ሊቃውንት ለድሃ የአንድ ዓመት የሚበቃው ይሰጠዋል ሲሉ፣ በሻፊዒዮች ዘንድ የታወቀው አስተያየት ዕድሜ ልኩን የሚበቃው ይሰጠው የሚል ነው። ሐሳባቸው ሰውየው ነገ ተመልሶ እጁን እንዳይዘረጋ ነው። አብዛኞቹ ሊቃውንት ዘካን ከጊዜው አስቀድሞ መክፈልንም ይፈቅዳሉ። ስለዚህ አንድ የመቱ ወይም የበደሌ ነጋዴ የመጪውን ዓመት ዘካ ከወዲሁ በየወሩ እየከፈለ አንድ በሽተኛን ዓመቱን ሙሉ መያዝ ይችላል። አንድ ነገር ግን እንዳይዘነጋ፦ ለገዛ እናትና አባት የሚወጣ ወጪ የልጅ ግዴታ እንጂ ዘካ አይደለም።

ሦስተኛው ወቅፍ ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) ኸይበር ላይ ያገኙትን መሬት ምን እንደሚያደርጉ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲጠይቁ፣ ዋናውን ይዘው ፍሬውን እንዲመጸውቱ ነበር የተመከሩት። ካይሮ ውስጥ ሱልጣን ቀላዉን በ1284 (እ.ኤ.አ.) ማሠራት የጀመሩት ሆስፒታል ድሃውንም ሀብታሙንም በነፃ ያክም የነበረው ከወቅፍ በሚገኝ ገቢ ነው። እኛ ሆስፒታል እንሥራ አላልኩም። በመስጂዳችን አጥር ከተሠሩት የኪራይ ሱቆች የአንዷ ኪራይ ለአልጋ ቁራኞች ተብሎ ይጻፍ ነው የምለው። በትንሽ በትንሽ የሚዋጣ ገንዘብ ምን እንደሚሠራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኦስትሪያዊው ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም በ1981 (እ.ኤ.አ.) የመሠረተው ሰዎች ለሰዎች ድርጅት በኢሉባቦር የሠራውን ሥራ አባቶቻችን ያውቁታል፤ የመቱ ካርል ሆስፒታልም ስሙን ይዞ ቆሟል። ገንዘቡ የመጣው አገራችንን አይተው ከማያውቁ ብዙ ሰዎች ኪስ ነው።

«ወላጅን ማስታመም የልጅ ግዴታ ነው፤ ጀመዓ ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። ግዴታነቱ እውነት ነው። ግን ግዴታው የሁሉም ልጆች ሆኖ ሳለ ሸክሙ ለምን ሁልጊዜ ያላገባች ሴት ልጅ ላይ ይወድቃል? ወንድሞች፣ እዚህ ላይ ራሳችንን እንመርምር። በባለፈው እረፍት አያቴን ሌሊት የማገላበጥ ተራ እኔ ወሰድኩ። በሦስተኛው ሌሊት እህቴ ለምን ደብተሯ ላይ ታንቀላፋ እንደነበር ገባኝ።

ለጀመዓችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዳችን በየሰፈራችን ያሉትን የአልጋ ቁራኞች፣ ክብራቸውን ጠብቀን፣ ለየመስጂዳችን ኮሚቴ እናስመዝግብ። ኮሚቴው ለእያንዳንዱ በሽተኛ በወር ስንት እንደሚያስፈልግ ይወቅ፤ ከነጋዴዎችም የአሥራ ሁለት ወር ቃል ይቀበል። የጤና ተማሪዎቻችን የሚያስታምሙትን ሰዎች አገላበጥና ቁስል መከላከል ያስተምሩ። እኛም መቶ ሆነን በወር አሥር አሥር ብር ብናዋጣ ሺህ ብር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?

እህቴ በመስከረም ዘጠነኛ ክፍልን እንደገና ልትጀምር ተመዝግባለች። ጠዋት እሷ ትምህርት ቤት ስትሆን አያቴ ዘንድ የምትቀመጥ ጎረቤት አግኝተናል፤ ለጎረቤታችን በየወሩ የሚከፈለውን ግማሹን አባቴ ይችላል። ሌላውን ግማሽ እኔ ከትምህርት ሰዓት ውጭ እየሠራሁ ለመሸፈን እየሞከርኩ ነው። ለዚህ ዓመት ይበቃን ይሆናል፣ ኢንሻአላህ። እንደኛ ቤት ያሉ ቤቶች ግን ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ጎረቤት አያገኙም።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፤ አስታማሚዎቻቸውንም ያበርታልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።