ማመልከቻው በጥር፣ ዝግጅቱ በጥቅምት

በክረምት ወራት ወደ ውጭ አገር ሄዶ፣ ወጪውም ተችሎ፣ የመማር ዕድል በተነሣ ቁጥር በግቢያችን ውስጥ አንድ አነጋገር ይሰማል፤ «ይህ ዘመድ ላለው ነው» ይባላል። አነጋገሩ ጥቂት እውነት አለበት። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ሳያመለክቱ ለመቅረት እንደ ምክንያት ሲያገለግል እናያለን። እኛ ነገሩን ስንመረምረው ያገኘነው ይህ ነው፤ ብዙው ዕድል የሚጠፋው ማመልከቻው ከሰጪዎቹ ዘንድ ሳይደርስ፣ ገና ከዚህ ግቢ ሳይወጣ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር፣ በጄኔቫ ከተማ አጠገብ የሚገኘው ሰርን የተባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት የተቋቋመው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። ከመሬት በታች ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ ታላቅ መሣሪያ አለው፤ የሂግስ ቅንጣት መገኘቱም በ2012 እ.ኤ.አ. ለዓለም የተነገረው ከዚያ ነው። ይኸው ድርጅት በ1962 እ.ኤ.አ.፣ ቪክቶር ቫይስኮፕፍ ዋና ዳይሬክተር በነበሩበት ጊዜ፣ 70 ያህል ተማሪዎችን ተቀብሎ በክረምት ማስተማር ጀመረ። ዛሬ በየዓመቱ የሚቀበላቸው በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ናቸው፤ የድርጅቱ አባል ካልሆኑ አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችም አሉባቸው። ኢትዮጵያዊ ተማሪም በዚሁ በር ሊገባ ይችላል።

የሚጠየቀው ቢያንስ 3 ዓመት የዩኒቨርስቲ ትምህርት ያጠናቀቀ፣ ትምህርቱን ግን ገና ያልፈጸመ ተማሪ መሆን ነው። በሩ የተከፈተው ለፊዚክስ ተማሪ ብቻ አይደለም፤ የኮምፒውተርና የኢንጂነሪንግ ተማሪም ይፈለጋል። የተመረጠው ተማሪ ሁለት ወር ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይቆያል፤ የሊቃውንቱን ትምህርት ይሰማል፣ በቀረው ሰዓት ከአንድ የምርምር ቡድን ጋር እውነተኛ ሥራ ይሠራል። ለኑሮው አበል፣ ለመንገዱም ርዳታ ይሰጠዋል።

ታዲያ ችግሩ ከምን ላይ ነው? አንደኛው ከጊዜ ላይ ነው። የሰርን ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው በጃንዋሪ መጨረሻ ነው። ይህ በእኛ አቆጣጠር ጥምቀት ካለፈ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ማለት ነው። የገና በዓል፣ ፈተናና ጥምቀት በተከታተሉበት ወር ማስታወቂያውን አይቶ የሚነሣ ተማሪ፣ ትራንስክሪፕቱን ሲጠይቅ «ከሳምንት በኋላ ተመለስ» ይባላል፤ መምህሩን ሲፈልግ አያገኛቸውም፤ የራሱንም ጽሑፍ በአንድ ሌሊት ይጨርሳል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት አባቶቻችን ይህን የመሰለውን አይተው ነው።

ሁለተኛው ከጽሑፉ ላይ ነው። በየዓመቱ አንድ ናሙና ደብዳቤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እናያለን። በውስጡ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሳይንስ ታላቅ ፍቅር ነበረኝ» የሚል ቃል አይጠፋም። አንባቢው ግን ይህንኑ ቃል ከሌላ ከመቶ ተማሪ ያነበበ ሰው ነው። ከዚህ ይልቅ የትኛውን ሙከራ እንደ ሠራን፣ ምን ውጤት እንዳገኘን፣ በላቦራቶሪ አንድ መሣሪያ ቢጎድለን በምን እንደ ተካነው፣ እዚያስ ሄደን ምን መማር እንደምንሻ በግልጽ ብንጽፍ ይሻላል። የመሣሪያ እጥረታችንን እንደ ነውር መደበቅ አያስፈልግም፤ በእጥረት ውስጥ ሥራውን የፈጸመ ተማሪ ለማንኛውም የምርምር ቡድን ይጠቅማል።

ሦስተኛው የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ነው። በዚህ ነገር መምህራኖቻችንን በአክብሮት ልናሳስብ እንወዳለን። የሚያስተምሩት ተማሪ ብዛት፣ የሚያርሙትም ወረቀት ክምር እንዳለ እናውቃለን። ነገር ግን «አንተው ጽፈህ አምጣ፤ እኔ እፈርማለሁ» ማለት ተማሪውን እንደ መርዳት የሚቆጠር አይደለም። አባቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ የተማረለት ልጅ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የሚጽፍለት አያጣም፤ ከገጠር መጥቶ በቤተ ሰቡ ውስጥ የመጀመሪያው የዩኒቨርስቲ ተማሪ የሆነው ግን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ምን እንደሚመስል እንኳ አይቶ አያውቅም። ስለዚህ «ይህ ዘመድ ላለው ነው» የሚባለው አነጋገር እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። «ትጉህና ጨዋ ተማሪ ነው» የሚል ሁለት መስመርም ብዙ አይጠቅምም። ተማሪው የሠራውን አንድ ሥራ ጠርቶ የሚመሰክር ግማሽ ገጽ ይበልጣል። በአንጻሩ እኛ ተማሪዎችም መምህርን በኮሪደር አቁመን «ነገ ቀኑ ያልፋል» ማለትን መተው ይገባናል። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት፣ የሥራችንን ማስረጃ ይዘን መቅረብ አለብን።

ስለ ማስታወቂያም አንድ ነገር ማለት ግድ ይሆንብናል። በአንድ የትምህርት ክፍል ባለፈው ዓመት ማስታወቂያ የተለጠፈው የማመልከቻው ቀን ካለፈ በኋላ ነበር። ከዚያ በፊት ወሬው በቴሌግራም ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ሲተላለፍ ቆይቷል። በኮምፒውተሩም ሆነ በወዳጁ ያልታደለው ተማሪ ሳይሰማ ቀረ። ዕድሉ ለሁሉ የተሰጠ ከሆነ ወሬውም ለሁሉ መድረስ ይኖርበታል።

«ልጆቻችን ሄደው ቢቀሩስ?» የሚሉ አሉ። ሥጋቱን አንንቅም። ነገር ግን የክረምት ትምህርት የሁለት ወር ነገር ነው፤ የሚሄደውም ዲግሪው እዚህ የሚጠብቀው ተማሪ ነው። ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበን ሄዶ የተመለሰው ዝም ማለቱ ነው። ያየውን ለራሱ ብቻ ይዞ ከቀረ የተጠቀመው አንድ ሰው ብቻ ነው።

እንግዲህ የምናቀርበው አሳብ እነሆ። አንደኛ፣ የተማሪዎች ኅብረታችን በየዓመቱ በጥቅምት ወር የክረምት ዕድሎችን ሁሉ ከነቀናቸው በአንድ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። ለምሳሌ ጀርመንኛ ለሚያውቁ ተማሪዎች የጀርመን የአካዳሚ ልውውጥ ድርጅት በዚያ አገር ዩኒቨርስቲዎች ለክረምት ኮርስ ድጎማ የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ ይህን የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። ሁለተኛ፣ በኅዳር ወር ከፍ ያለ ክፍል ያሉ ተማሪዎችና ፈቃደኞች መምህራን የታናናሾቻቸውን ጽሑፍ እያነበቡ የሚያርሙበት አንድ ምሽት ይመደብ። ሦስተኛ፣ የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት በኅዳርና በታኅሣሥ ለአመልካቾች ትራንስክሪፕት በቶሎ የሚያወጣበትን መንገድ ይፈልግ። አራተኛ፣ ሄዶ የተመለሰ ሁሉ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ወር በአዳራሽ ቆሞ ያየውን ይንገረን።

ፓስፖርትም ቢሆን ከተመረጡ በኋላ የሚጀመር ነገር አይደለም፤ ቪዛ የሚጠየቀው በእርሱ ነውና አስቀድሞ ማውጣት ይበጃል።

ከእነዚህ አሳቦች አንዱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሰሌዳው አለ፤ አዳራሹም አለ። የሚፈለገው ጥቅምት ሳያልፍ መጀመር ነው።