«ሳላውቅ ዋጥሁት» ማለት ይበቃልን?

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይላል ያገራችን ሰው። አንድ ሯጭ በአበረታች ቅመም ታገደ የሚል ወሬ በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር በመኝታ ክፍሎቻችንና በምግብ አዳራሹ ሁለት ወገን ይነሣል። አንደኛው ወገን «ሌባ ነው፤ አገር አዋረደ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ፈረንጆች ድላችንን ስለ ጠሉ ያደረጉት ተንኮል ነው» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ነገሩን ከሥሩ አልመረመሩትም። በበኩላችን የምናቀርበው አስተያየት ከሁለቱም የተለየ ስለ ሆነ፥ አንባቢያን እስከ መጨረሻው እንዲከተሉን እንለምናለን።

በአገራችን ከታዩት ጉዳዮች ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የሚቀርበው የማራቶን ሯጩ የግርማይ ብርሃኑ ጉዳይ ነው። ይህ ሯጭ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ በዴጉ ከተማ በተደረገው ማራቶን የሰጠው ናሙና ሲመረመር ሜልዶኒየም የተባለው ቅመም ተገኘበት። በዚያው ዓመት መጨረሻ፥ በእኛ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም.፥ የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። በአገራችን በዚህ ወንጀል የእስራት ፍርድ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው ተብሎ በዓለም ጋዜጦች ተጻፈ። ሯጩ በበኩሉ ለጉልበቱ ሕመም መድኃኒት ከመውሰድ በቀር ሌላ እንዳላደረገና በመድኃኒቱ ውስጥ የተከለከለ ነገር መኖሩን እንዳላወቀ ተናግሯል። እነሆ ጥያቄው ከዚህ ይጀምራል።

ሜልዶኒየም ምንድን ነው? በላትቪያ የተሠራ የልብና የደም ዝውውር መድኃኒት ነው። የሰውነት ሕዋስ ኦክሲጅን ሲያንሰው ከስብ ይልቅ ስኳር እንዲያቃጥል ያደርገዋል። የምሥራቅ አውሮፓ ሯጮችና ታጋዮች ለብዙ ዓመት በግልጽ ሲወስዱት የኖሩ ሲሆን፥ የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ድርጅት የከለከለው ከታኅሣሥ 22 ቀን 2008 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 1 ቀን 2016) ጀምሮ ነው። ስለዚህ ዴጉ ላይ በተሮጠበት ጊዜ ክልከላው ገና ጥቂት ወራት ብቻ ያስቈጠረ አዲስ ሕግ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ሜልዶኒየም የልብ መድኃኒት ነው እንጂ የጉልበት መድኃኒት አይደለም። ጉልበቱን የታመመ ሰው የልብ መድኃኒት ከዋጠ፥ ወይ አውቆ ዋጠው፥ ወይ ሌላ ሰው ሌላ ስም ሰጥቶ አዋጠው። ከሁለቱ አንዱ ነው። ሁለተኛው እውነት ከሆነ ግን ጥያቄው «ማን ዋጠ» ብቻ መሆኑ ቀርቶ «ማን ሰጠ» ሊሆን ይገባል።

በዚያው ዓመት በዚያው ቅመም የተያዙ ሌሎችም ነበሩ። የቴኒስ ተጫዋቿ ማሪያ ሻራፖቫ መድኃኒቱን ለብዙ ዓመት ስትወስድ መኖሯንና አዲሱን ዝርዝር አለማንበቧን አምና ሁለት ዓመት ታገደች፤ በሎዛን ያለው የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ደግሞ ወደ 15 ወር አወረደላት። በአዲግራት ተወልዳ ለስዊድን የሮጠችውና በ2005 ዓ.ም. በሞስኮ የ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው አበባ አረጋዊም በሜልዶኒየም ታግዳ ነበር። ነገር ግን ቅመሙ በሰውነት ውስጥ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቈይ በውል ስላልታወቀ፥ በናሙናዋ የተገኘውም መጠን ጥቂት ስለ ነበረ፥ በጥቂት ወራት ውስጥ እገዳው ተነሣላት። የሦስቱ ሰዎች ጉዳይ አንድ ነው ማለታችን አይደለም። በአንድ ዓመት በአንድ ቅመም የተከሰሱ ሦስት ሰዎች አንዷ በነፃ፥ ሁለተኛዋ በወራት እገዳ፥ ሦስተኛው በእስር ቤት ፍርድ መለያየታቸው ግን የሚያስብ ሰው ሁሉ ሊመለከተው የሚገባ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። የስፖርቱ ሕግ አጭርና ጨካኝ ነው፤ በሰውነትህ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው አንተ ነህ ይላል። ከሳሹ ሯጩ አውቆ መዋጡን ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ቅመሙ መገኘቱ ብቻ ይበቃል። አለማወቁን፥ እንዴትም ወደ ሰውነቱ እንደ ገባ ማስረዳት የሯጩ ፋንታ ነው። ካስረዳ ቅጣቱ ይቀንስለታል ወይም ይቀርለታል፤ ካላስረዳ ለከባዶቹ ቅመሞች አራት ዓመት ነው። ብዙ ጓደኞቻችን ይህን ሕግ ግፍ ነው ይሉታል። እኛ ግን አንልም። ምክንያቱም «ሳላውቅ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ቢያድን ኖሮ፥ ንጹሑ ሯጭ ለዘለዓለም ተሸናፊ በሆነ ነበር። በውድድር ሜዳ ላይ ከሌባው አጠገብ የቆመውም ልጅ እኮ የድሃ ልጅ ነው፤ የእርሱንስ ሜዳሊያ ማን ይመልስለታል?

ደግሞም ሰበብ ሁሉ እኩል አይደለም። የ3,000 ሜትር መሰናክል ሯጯ ዘርፌ ወንድማገኝ በኢ.ፒ.ኦ.ና በቴስቶስትሮን ምክንያት ለአምስት ዓመት ታግዳለች። ኢ.ፒ.ኦ. በመርፌ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ቢዋጥ ሆድ ውስጥ እንደ ሥጋ ይፈጫል እንጂ ደም ውስጥ አይገባም። እንዲህ ያለ ቅመም ከወጥ ወይም ከጠላ ጋር ገባ ሊባል አይችልም። በምግብ ገባ የሚባለውም ቢሆን ማስረጃ ይፈልጋል። አሜሪካዊቷ ሼልቢ ሁሊሃን በ2013 ዓ.ም. የተገኘባት ናንድሮሎን ከበላሁት የአሳማ ሥጋ የመጣ ነው ብትልም አልተቀበሏትም፤ አራት ዓመት ታገደች። ወጣቱ የ200 ሜትር ሯጭ ኤሪዮን ናይተን ትሬንቦሎን ሲገኝበት ከበሬ ጭራ ሥጋ ነው አለ፤ የአገሩ ዳኛ አመነው፥ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ግን የሎዛኑ ፍርድ ቤት ማስረጃው አይበቃም ብሎ አራት ዓመት ፈረደበት።

ይሁንና ሕጉ በእርግጥ ለሁሉ እኩል ይሠራልን? በዚህ ላይ ዝም ማለት አንችልም። ትሪሜታዚዲን የተባለ ሌላ የልብ መድኃኒት አለ። በ2013 ዓ.ም. ሃያ ሦስት የቻይና ዋናተኞች በዚህ ቅመም ተገኙ፤ የአገራቸው መሥሪያ ቤት ከሆቴሉ ወጥ ቤት የገባ ነው ብሎ አንድም ቀን ሳያግዳቸው አሰናበታቸው፥ የዓለሙ ድርጅትም ይግባኝ አላለም። ዓለምም ነገሩን የሰማው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የአሥራ አምስት ዓመቷ ሩሲያዊት የበረዶ ተንሸራታች ካሚላ ቫሊየቫ በዚያው ቅመም ተያዘች፤ የአያቴ የልብ መድኃኒት ነካክቶብኝ ነው አለች፤ አልታመነችም፥ አራት ዓመት ተፈረደባት። ልጅቱ መድኃኒቱን ራሷ ገዝታ፥ ራሷ መጠኑን ለክታ ወሰደች ብሎ የሚያምን ሰው አለን? በዙሪያዋ ሐኪምና አሠልጣኝ ነበሩ፤ ስሟ በዓለም ፊት የተጐተተው ግን የሕፃኗ ነው። ከዚህ የምንማረው ጠንካራ አገርና ጠንካራ ጠበቃ ያለው የወጥ ቤቱን ታሪክ ማስረዳት እንደሚችል፥ የሌለው ግን እውነቱን እንኳ ይዞ ሊሸነፍ እንደሚችል ነው።

ስለ እስራቱ የምንለው ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 526 ዶፒንግን ወንጀል አድርጎታል። መልካም ነው። ነገር ግን እገዳና እስራት አንድ አይደሉም። እገዳ ከሜዳ ያስወጣል፤ እስራት ነፃነትን ይወስዳል። ስለዚህ ያው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 57 እስከ 59 ሰው የሚቀጣው አስቦ ሲያጠፋ፥ ወይም ሕጉ በግልጽ ባመለከተ ጊዜ በቸልተኝነት ሲያጠፋ መሆኑን ይደነግጋል። በአንቀጽ 80 በፍሬ ነገር መሳሳትን፥ በአንቀጽ 81 ደግሞ ሕግን አለማወቅን ለያይቶ ያስቀምጣል። ይህ ልዩነት ለእኛ ጉዳይ ቁልፍ ነው። «ክኒኑ ሜልዶኒየም መሆኑን ዐውቃለሁ፥ መከልከሉን ግን አላወቅሁም» የሚል ሯጭ ሕግን አለማወቁ አያድነውም። «ክኒኑ የጉልበት መድኃኒት ነው ብለው ሰጡኝ» የሚል ሯጭ ግን የተሳሳተው በፍሬ ነገሩ ነው፤ እውነት ከሆነ ወንጀለኛው እርሱ ሳይሆን የሰጠው ነው። የስፖርት ዳኛ «ተገኘብህ» ብሎ ቢያግድ ሥርዓቱ ነው። የወንጀል ዳኛ ግን «ተገኘብህ» ብቻ ብሎ ቢያስር ሥርዓቱ አይደለም፤ «አስበህ አደረግህ» የሚለውን ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት አለበት። በአንድ ጠርሙስ ሽንት ሰውን ከሜዳ ማስወጣት ይቻላል፤ ወኅኒ ማውረድ ግን ከዚያ የበለጠ ማስረጃ ይፈልጋል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለመካነ ሰላም ምኗ ነው? የሚል ይኖር ይሆናል። መልሳችን እንዲህ ነው። ቦረና፥ ሳይንት፥ ለጋምቦ፥ ወግዲና ከለላ ደጋ ናቸው። ከተማችን ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ጧት ጧት ውርጩ ሳይነሣ በመንገድ ዳር የሚሮጡትን ልጆች የማያይ ተማሪ የለም። በጉን እየጠበቀ፥ ገብሱን እያጨደ ያደገ ሳንባ በምዕራብ ወሎ ሞልቷል። ከነዚህ ልጆች አንዱ ነገ ለክልል፥ ከነገ ወዲያ ለአገር ይሮጣል። ያን ጊዜ ሽንቱ በጠርሙስ ታሽጎ፥ እውቅና ያለው ላቦራቶሪ በአገራችን ስለሌለ፥ ወደ ውጭ አገር ይላካል። ልጁ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ቅመም ማን ነገረው?

አደጋው ደግሞ ከሩቅ አገር የሚመጣ ክኒን ብቻ አይደለም፤ ከቤታችንም አለ። ጫት የምንኖርበት ወሎ የሚያውቀው ቅጠል ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው፤ ካቲን የተባለውም በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮግራም በላይ ከተገኘ ያስቀጣል። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ለአስምና ለብግነት የሚሰጡ የታወቁ መድኃኒቶች ናቸው፤ በውድድር ጊዜ በአፍ መውሰድ የተከለከለ ሲሆን፥ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በማንኛውም ዓይነት መርፌም ተከልክሏል። በአንዳንድ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥ ያለው ኤፌድሪንም ልክ አለው። ሕመምተኛ ሯጭ ግን ሐኪሙ ሲያዝለት አስቀድሞ የሕክምና ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ይህን የሚያውቅ የገጠር ልጅ ስንት ነው? ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክኒን ከሱቅ ገዝቶ መዋጥ በለመደበት አገር፥ ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ በሆነበት ብልቃጥ፥ «ማንበብ ነበረብህ» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ከመፍረድ በፊት ማስተማር ግን ይቀድማል።

አገራችን በ2008 ዓ.ም. ከኬንያ፥ ከሞሮኮ፥ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር በዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ብርቱ ማስጠንቀቂያ ከተሰጣት ወዲህ ብዙ ተሠርቷል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን የተባለ መሥሪያ ቤት አለን። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው፤ ልጁ ደንቆሮ ጫካ ሥር ነው። በመካከላቸው ያለውን መንገድ ማን ይሙላው? እኛ ነን እንላለን።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፥ የሕክምናና የሳይንስ ተማሪዎች የተከለከሉትን ቅመሞች ዝርዝር፥ በየዓመቱ በጃንዋሪ 1 ቀን የሚታደስ ስለ ሆነ፥ በየዓመቱ በቀላል አማርኛ አውጥተው በአንድ ወረቀት እንዲያባዙ፤ ወረቀቱም በየትምህርት ቤቱ፥ በየመድኃኒት ቤቱና በየማሠልጠኛው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ። ሁለተኛ፥ የሕግ ተማሪዎች ለወጣት ሯጮች የሚከተለውን እንዲያስተምሩ፤ ማንኛውንም ክኒን ከመዋጥ በፊት ስሙን ጻፍ፥ ደረሰኙን አስቀምጥ፥ ብልቃጡን አትጣል፥ የሰጠህን ሰው ስም ያዝ። «ሳላውቅ ነው» የሚለውን ቃል ወደ ማስረጃ የሚለውጠው ይህ ብቻ ነው። ሦስተኛ፥ አንድ ወጣት በተያዘ ቁጥር ሕዝቡም ጋዜጣውም «ማን ሰጠው» ብሎ እንዲጠይቅ። የዓለሙ ሕግ ለሌላ ሰው ቅመም የሚሰጠውን ከአራት ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ያግደዋል፤ ሕጉ አለ፥ የጐደለው ጠያቂ ነው።

በአገራችን ድሮ መንገደኛ ሁለት የተጣሉ ሰዎችን «በሕግ አምላክ» ብሎ ያቆም ነበር። ያ ቃል ጠንካራውንም ደካማውንም እኩል ያቆም ስለ ነበረ ይከበር ነበር። እኛም ዛሬ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። አውቆ የሰረቀ ሯጭ ይታገድ፤ ያልሰረቀው ልጅ ሜዳሊያውን ያግኝ። ነገር ግን ክኒኑን የሰጠው አሠልጣኝ፥ የሸጠው ነጋዴና ያላስተማረው ባለሥልጣን ከዳር ቆመው እያዩ፥ ፊደል ያልቈጠረ የባላገር ልጅ ብቻውን ወኅኒ አይውረድ። በሕግ አምላክ!