ሮስተሩን እንግለጠው

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ማግስት ከጎንደር ፒያሳ እስከ አዘዞ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «እነ እንትና ትምህርት ቤት ስንት አሳለፈ?» መልሱ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም እዚያው በቆመበት ፍርድ ይሆናል። ብዙ ያሳለፈው ይወደሳል፣ አንድም ያላሳለፈው ይረገማል። አቅም ያለው ወላጅ ልጁን አዛውሮ ይገላገላል፣ የሌለው አንገቱን ደፍቶ ይቀራል። የጎንደርና የሰሜን ደጋ ወላጆች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ በየአገሩ የተበተናችሁ የዚህ ምድር ልጆች፦ ይህን ጥያቄ ከነጉድለቱ መቀበል ይብቃን። «ስንት አሳለፈ» ከሚለው ኋላ «ከስንት?»፣ «ምን ይዘው የመጡ ልጆችን?»፣ «በምን ሁኔታ አስተምሮ?» የሚሉት ካልተከተሉ ስለ ትምህርት ቤቱ የምናውቀው እምብዛም ነው።

የአገሪቱን ቁጥር ሁላችንም ሰምተነዋል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወደ 896 ሺህ ነበሩ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ እንኳ አልሞሉም፣ 3.3 በመቶ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በተከታዩ ዓመት የማለፊያው መጠን 3.2 በመቶ ሆነ፤ ባዶ የወጡት ትምህርት ቤቶችም 1,328 ደረሱ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሲሆን ትንሽ ተንፈስ አልን። ደነገጥን፣ አዘንን፣ ኩረጃውንም ሚኒስቴሩንም መምህሩንም ወቀስን። ከዚያስ? ከሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች «ዜሮ» በሚል አንድ ስም ተጠርተው ቀሩ። ከመካከላቸው አንቀጽ አንብቦ መረዳት የሚቸግራቸውን ልጆች በ9ኛ ክፍል ተቀብሎ፣ በአራት ዓመት ውስጥ 40 ከመቶ ድረስ የገፋ ይኖራል። ጥሩ መሠረት ያላቸውን ተቀብሎ እዚያው 40 ላይ የጣላቸውም ይኖራል። የመጀመሪያውን መሸለም፣ ሁለተኛውን መጠየቅ ሲገባን ሁለቱን አንድ ላይ ረገምናቸው።

ከሊማሊሞ ግርጌ በእግሩ ተነስቶ አቀበቱን የወጣና ከዳባት በሜዳው የመጣ ሰው ደባርቅ ገበያ ላይ ቢገናኙ ሁለቱም «ደረስን» ይላሉ። ጉልበታቸውን ሊመዝን የፈለገ ግን የተነሱበትን ሳይጠይቅ አያልፍም። ትምህርት ቤትንም በዚሁ ዓይን እንይ።

መነሻው በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። በጃናሞራ ወይም በበየዳ ገጠር ያደገ ልጅ 8ኛን ሲጨርስ ሁለተኛ ደረጃ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከቤቱ ርቆ ነው። ከሦስት አራት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ ወደ ቤተሰቡ ይገሰግሳል፣ እሁድ ድርቆሽ፣ በሶና ዱቄት ተሸክሞ ይመለሳል። ራሱ ያበስላል፣ ራሱ ውሃ ይቀዳል፤ የሚያጠናው በተረፈችው ሰዓት ነው፣ እሷም መብራት ካለ። ትምህርት በሚከፈትበት ሰሞን ደግሞ መተማና ሁመራ የሰሊጥ አጨዳ ይደርሳል። የቀን ገቢው ብዙ ጎረምሳ ይጠራል፤ ተመልሶ ሲመጣ ክፍሉ ርቆ ሄዷል። ሴት ልጅ ስትሆን ወላጅ ብቻዋን ተከራይታ መኖሯ ያሰጋዋል፣ ስጋቱም አንዳንዴ በጋብቻ ይቋጫል። ጦርነቱን ጨምሩበት። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በአዲአርቃይ፣ በዛሪማና በዳባት ዙሪያ ምን እንደደረሰ፣ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በክልሉ ስንቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። የመጽሐፉን ግማሽ ሳይጨርስ የተፈተነ ልጅ ውጤት፣ ዓመቱን ሙሉ ከተማረው ውጤት ጎን ያለ አንድ ማብራሪያ ሲሰፍር ሚዛኑ ተዛብቷል።

«እንግዲያው ለድሃ ትምህርት ቤት ሰበብ ልትሰጥ ነው» የሚለኝ አለ። በፍጹም! ሰበብ የሚያሳጣው የሚመሳሰሉትን ማወዳደር ነው። የገጠሩን ከከተማው ጋር ስናነጻጽር ርዕሰ መምህሩ «የእኛ ልጆች ድሃ ናቸው» ብሎ ያመልጣል፣ እኛም እንቀበለዋለን። ርቀቱ፣ የወላጁ ኑሮ፣ የመጽሐፉ እጥረት ከሚመስለው ከሌላ የደጋ ትምህርት ቤት ጋር ስናስተያየውና ያኛው በእጥፍ ልቆ ሲገኝ ግን ማምለጫ የለም። ጥያቄው «እነሱ ምን ቢያደርጉ ነው?» ይሆናል። ይህ ደግሞ መልስ ያለው ጥያቄ ነው፤ ሄዶ ማየት ይቻላል።

የከተማውም ጉራ በዚሁ ይፈተሻል። መቀሌ ያለው ቀላሚኖም ሆነ ደብረ ብርሃን ያለው ኃይለማናስ አካዳሚ ተማሪዎቻቸውን በፈተና መርጠው የሚያሳድሩ ናቸው፤ ውጤታቸው ቢያስደስተንም ደጃፉ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ክፍት ለሆነ የመንግሥት ትምህርት ቤት መለኪያ ልናደርጋቸው አንችልም። በጎንደር ከተማም ቢሆን ልጁ ቤቱ አስጠኚ የሚመጣለት ሰፈርና ከትምህርት መልስ ሊስትሮ የሚሠራበት ሰፈር አንድ አይደሉም። በተለይ አንድ ነገር ላይ ዓይናችንን እንጣል፦ ያቋረጡት። 100 ልጆች በ9ኛ ተመዝግበው 30ዎቹ ብቻ 12ኛ ቢደርሱና 15ቱ ቢያልፉ፣ ትምህርት ቤቱ «ግማሹን አሳለፍኩ» ይላል። 70ዎቹስ? እነሱ በማለፊያው ስሌት ውስጥ የሉም፤ አንዳንዱ ትምህርት ቤት የሚያምርበት እነሱ በመቅረታቸው ነው።

ሌላው ዓለም በጥሬ ቁጥር የመፍረድን ስህተት ሠርቶ አልፎበታል። እንግሊዝ በ1992 እ.ኤ.አ. የትምህርት ቤቶችን ጥሬ ውጤት በሰንጠረዥ ማተም ስትጀምር ከላይ የሰፈሩት በአመዛኙ የደህና ኑሮ ሰፈሮች ነበሩ። የልጁን መነሻ ውጤትና የቤተሰብ ሁኔታ ያካተተ ስሌት አገር አቀፍ ሆኖ የወጣው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። አሥራ አራት ዓመት! እኛ ያን ያህል የምንጠብቅበት ምክንያት የለም። በአገራችንም ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ተማሪዎችን በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ ፈትኖ፣ በመካከሉ ትምህርት ቤቱ ምን እንደጨመረላቸው ለመለካት ሞክሯል። ዘዴው የታወቀ ነው።

መረጃውስ? ከደጃችን አለ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ለትምህርት ስታቲስቲክስ ቅጽ ይሞላል፦ ወንድ ስንት፣ ሴት ስንት፣ ስንት ደገመ፣ ስንት አቋረጠ፣ ስንት መምህር፣ ስንት ክፍል። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት አለ፤ እሱ የሁለተኛ ደረጃው መነሻ ነው። የኢንስፔክሽን ቡድን በ26 ስታንዳርዶች መዝኖ፣ ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 በመቶ ሰጥቶ ከደረጃ 1 እስከ 4 ይፈርጃል። ይህ ሁሉ ወረቀት ወረዳ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ልጁን የላከው ወላጅ ግን አያየውም። የውጤት መዝገቡ፣ ሮስተሩ፣ ሕዝብ ያላየው የሕዝብ ንብረት ሆኗል።

የጎደለውን መረጃ ቤት ለቤት መሰብሰብም ለዚህ ምድር ባዕድ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ሕዝቡ እያሰማራ ነው ስም ያወጣው። ዳባት ላይ ደግሞ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሕዝብና የጤና ክትትል ማዕከል አቁሞ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ እያለ ሲመዘግብ ኖሯል። የአንድን ሕፃን ልደት በትጋት የሚመዘግብ አገር፣ ያ ሕፃን አድጎ ከ9ኛ ክፍል ሲጠፋ ወዴት እንደሄደ አለመጠየቁ ይገርመኛል። ደግሞስ ጎንደሬን ትምህርት ቤት ማወዳደር ማን አስተማረው? አቋቋም የሚሻ ደቀ መዝሙር ስንት አገር አቆራርጦ ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ቦታው ማስመስከሪያ መሆኑን ሰምቶ አይደለም?

እንግዲህ ሥራው ይህ ነው። የየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተቀምጦ አንዲት ገጽ ያዘጋጅ። ከአራት ዓመት በፊት 9ኛ የገቡት ስንት ነበሩ፣ የ8ኛ ውጤታቸው አማካይ ስንት ነበር፣ ዛሬ ስንቱ አሉ፣ ስንቱ አለፉ፣ ከሴቶቹስ? ከቤተሰቡ ተለይቶ ተከራይቶ የሚማረው ስንት ነው? ትምህርት ቤቱ በዓመቱ ስንት ቀን ክፍት ነበር? መጽሐፍ ለስንት ልጅ አንድ ይደርሳል? የማንም ልጅ ስም አይጻፍ፤ ጥቂት ልጆች ባሉበት ክፍልም ማንነት የሚያስለይ ዝርዝር ይቅር። ገጹ በአማርኛ ተጽፎ በግቢው በር ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችል ወላጅ በስብሰባ ይነበብለት።

መምህራን ሆይ፣ ይህን ስትሰሙ የሚመጣባችሁን ስጋት አውቀዋለሁ። ደመወዛችሁ ከወር ወር በማይደርስበት፣ መንገዱም ሰላም ባልሆነበት ዘመን ሌላ መክሰሻ ወረቀት ማን ይወዳል? ስለዚህ ከመጀመሪያው ቃል እንግባ፦ ገጹ ለቅጣትና ለእድገት መከልከያ አይውልም። እንዲያውም ዛሬ «ዜሮ» ተብላችሁ የምትሰደቡት እናንተ፣ ልጆቹን ከየት አንስታችሁ የት እንዳደረሳችሁ የሚመሰክርላችሁ ይኸው ገጽ ነው። እናንተ ካልመራችሁት ሌላው በጥሬ ቁጥር ይፈርድባችኋል።

የጎንደርና የደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎች የስታቲስቲክስና የትምህርት ክፍል መምህራን፣ ገጾቹን ሰብስባችሁ የሚመሳሰሉትን ከሚመሳሰሉት መድቡልን፤ ለተመራቂዎቻችሁ ከዚህ የተሻለ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አታገኙም። የጉድኝት ሱፐርቫይዘሮች፣ ከምድቡ የላቀው ትምህርት ቤት ሲታወቅ የሌሎቹን መምህራን ይዛችሁ ሄዳችሁ አንድ ሳምንት ክፍል ውስጥ ተቀመጡ፤ የሻይ ግብዣ ያለበት የልምድ ልውውጥ ግን ይቅርብን። የአማራ ልማት ማኅበር (አልማ) እና በውጭ ያላችሁ ወገኖች፣ በ«ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ ስም የምታዋጡትን ብር ከማስተላለፋችሁ በፊት ገጹን ጠይቁ። ልጆች የሚያቋርጡት በኪራይና በስንቅ ምክንያት ከሆነ አዲስ አጥር አያስቀራቸውም፤ ማደሪያ ቤትና የሳምንት እህል ያስቀራቸዋል።

ወላጆች፣ የእናንተ ድርሻ ቀላልም ከባድም ነው። በነሐሴ መጨረሻ ልጃችሁን ልታስመዘግቡ ስትሄዱ ብቻችሁን አትግቡ። ከአንድ ቀበሌ አሥር አሥራ አምስት ሆናችሁ ግቡና የዘንድሮውን ገጽ ጠይቁ። አልተዘጋጀም ከተባላችሁ መቼ እንደሚዘጋጅ ቀኑን አስቆርጡና በወተመህ መዝገብ ላይ አስጽፉት። በዚያ ቀን እንደገና ሂዱ፤ ጎረቤታችሁንም ይዛችሁ። ወረዳው መረጃው «የውስጥ ነው» ካለ፣ የልጆቻችሁ ቁጥር ከእናንተ የሚደበቅበትን ደንብ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ጥያቄያችሁም በጽሑፍ ይሁን፣ ፊርማው ከመቶ አይነስ።