ከአፈሩ በፊት

ይድረስ በወረታና በፎገራ ቀበሌዎች ለምትገኙ የዕድር ዳኞች፣ ሽማግሌዎችና ገናዦች

የወንዛዬ አባቶችና እናቶች፣

ሰው ሲሞት ቀድማችሁ የምትደርሱት እናንተ ናችሁ። ጡሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ጠዋት ያረፈው ከሰዓት በኋላ ይቀበራል። ርብና ጉማራ ሞልተው መንገድ ሲቆርጡ እንኳ ሬሳ አታስቀሩም። ደግነታችሁን አውቃለሁ። ይህን ያጻፈኝ ግን የቀብሩ ጥድፊያ ነው።

ሬሳ የሚያጥብና የሚገንዝ ሰው ፖሊስም ሐኪምም ያላዩትን ያያል፤ የአንገት ሰንበር፣ የተሰበረ ክንድ፣ ከአፍ የሚሸት የተባይ መድኃኒት። ትናንት ሩዝ ስታርም የዋለች ሴት «ድንገት አመማት» ትባላለች። ገናዡ ያየውን «የሰው ገመና» ብሎ ከከፈኑ ጋር ይጠቀልለዋል።

በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 443፣ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን እያወቀ ያለ በቂ ምክንያት ያላስታወቀን ሰው እስከ 6 ወር እስራት ወይም እስከ 1,000 ብር ይቀጣል። ከባድ ግድያ እዚህ ውስጥ ይገባል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ድርጊቱን ያላየ ሰው ጭምር ወንጀሉን ማመልከት እንደሚችል ይደነግጋል። ሕጉ የሚቀጣው አውቆ ዝም ያለውን ነው፤ ጠርጥሮ ዝም ያለውን የሚጠይቀው ኅሊናው ነው።

ዝምታ ባህላችን ነው አትበሉኝ። ገዳይ ሲጠፋ አያቶቻችን አፈርሳታ ይቀመጡ ነበር፤ አገሬው ያየውንና የሰማውን ሳያወጣ ወደ ቤቱ አይበተንም። ያ ሥርዓት ንጹሑንም ያጉላላ ነበር። መነሻው ግን እውነት ነው፤ በሰፈር የፈሰሰ ደም የሰፈሩ ዕዳ ነው።

ሽማግሌዎች ሆይ፣ ደም በማድረቅ ስንት ቤት ከመጥፋት አድናችኋል። እርቁ ግን ከምርመራው በኋላ ይምጣ። በእርቁ ላይ ሟች አፍ የለውም፤ ስለ እሱ የሚናገረው ገላው ነው።

ማንንም ክሰሱ አልልም። ሞቱ ካጠራጠራችሁ ገላው ሳይታጠብ፣ ታንቆ ከተገኘም ገመዱ ሳይጣል ለፖሊስ ይነገር። ሐኪም መርምሮ በሽታ ነው ካለ፣ የታማው ባል ወይም ጎረቤት ከሐሜት ይድናል። ከተቀበረ በኋላ አስከሬን ማውጣት ለቤተሰቡ ሁለተኛ ሀዘን ነው፤ ብዙውን ምልክትም አፈር ይበላዋል።

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ በዕድራችሁ ደንብ ላይ ይህን አንድ መስመር እንድታሰፍሩ እለምናችኋለሁ፦ «አጠራጣሪ ሞት ሲያጋጥም፣ ለፖሊስ ሳይነገር ጡሩምባ አይነፋም።»

አክባሪ ልጃችሁ፣
ከወረታ