«ፀሐይ» ትመለስ፤ ነገር ግን ወደ ቆላም ትውረድ

የሰሊጥ አጨዳ በደረሰበት ወራት ወደ አብደራፊ የወረደ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የሰው ብዛት ነው። ከደጋው የመጣው የቀን ሠራተኛ በመንገድ ዳር ቆሞ ቀጣሪ ይጠብቃል፤ ትራክተሩና ጭነት መኪናው አቧራውን ያስነሣል፤ በየሻይ ቤቱም ቴሌቪዥን ተከፍቶ ኳስ ወይም ዘፈን ይታያል። በሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ግን ሳይገቡም ሳይሄዱም አንገታቸውን አስግገው የሚመለከቱ ልጆች አይጠፉም። የሻይ ገንዘብ የላቸውም፤ ባለቤቱም አልፎ አልፎ ይገሥጻቸዋል፤ እነርሱ ግን ተመልሰው ይመጣሉ። የዛሬው ጽሑፌ መነሻ እነዚህ ልጆች ናቸው። በዚያ መስኮት ውስጥ ለእነርሱ ተብሎ የተዘጋጀ ነገር እምብዛም አይታይምና።

እንደሚታወቀው ሁሉ ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። የልጆች ጊዜም አብሮት ተወለደ። ተስፋዬ ሳህሉ፣ አገር በሙሉ «አባባ ተስፋዬ» ብሎ የሚጠራቸው ታላቅ የመድረክ ሰው፣ ልጆችን የነገ ፍሬዎች እያሉ ከአርባ ዓመት በላይ ተረት ነገሯቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ እርሳቸው ከመስኮቱ ሲለዩ፣ በዚያው ዘመን ሌላ አስተማሪ ብቅ አለች። እርሷም «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው ዝግጅት የምትታየው የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ፣ አሻንጉሊቷ ፀሐይ ናት። የፈጠሯት የቀድሞዋ አስተማሪ ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤታቸው ሲሆኑ፣ ዝግጅቱም እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓንን ሽልማት፣ ወይዘሮ ብሩክታዊት ደግሞ በ2010 ለወጣቶች የሚሰጠውን የሮሌክስን ሽልማት አግኝተዋል።

ፀሐይን በልጅነቱ ያየ ትውልድ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና ወጣት ሠራተኛ ሆኗል። ይህ ትውልድ ተሰብስቦ ሲጨዋወት ስለ ልጆች ቴሌቪዥን ከተነሣ፣ አንዱ «አባባ ተስፋዬ የሚመስል ሰው ይፈለግልን» ይላል፤ ሌላው «ያቺ የድሮዋ ፀሐይ በእጅ አሻንጉሊትነቷ ትመለስልን» ይላል። ታዲያ የቀድሞውን ገጸ ባሕርይ መመለስ ይገባል ወይስ አይገባም?

በእኔ አስተያየት ሁለቱ ጥያቄዎች ተለይተው መታየት አለባቸው። አባባ ተስፋዬ ሰው ነበሩ፤ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ጥብቆአቸውን አስለብሶ፣ ድምፃቸውን አስመስሎ ሌላ ሰው ማቅረብ ልጁን ማታለል፣ ለእርሳቸውም ክብር መንሣት ነው። በአሜሪካ «ሰሳሚ ስትሪት» በተባለው የልጆች ዝግጅት ባለ ሱቁን ሚስተር ሁፐርን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ እ.ኤ.አ. በ1982 በሞተ ጊዜ፣ አዘጋጆቹ ሌላ ሰው አልተኩም። በተከታዩ ዓመት ለልጆቹ እውነቱን ነገሯቸው፤ ሚስተር ሁፐር ሞቷል፣ አይመለስም አሉ።

አሻንጉሊት ግን እንዲህ አይደለም። ጂም ሄንሰን እ.ኤ.አ. በ1955 ከእናቱ አሮጌ ካፖርት ቈርጦ የሠራው «ከርሚት» የተባለ እንቁራሪት፣ ጌታው በ1990 ሲሞት አብሮ አልተቀበረም። ሌላ እጅ ገባበት፤ ሌላ ሰው ተናገረለት፤ ልጆቹም ተቀበሉት። አሻንጉሊት እንደ ተረት ነው፤ ተራኪው ያልፋል፣ ተረቱ ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል። ስለዚህ አባባ ተስፋዬን በመታሰቢያ እናክብራቸው፤ ፀሐይን ግን ከፈጣሪዎቿ ጋር ተስማምተን እንጥራት እላለሁ። ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ የሰው ፍሬ መውሰድ ሥርዓት አይደለምና።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ «ይህ የጐልማሶች ናፍቆት እንጂ የልጆች ፍላጎት አይደለም» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ግማሽ እውነት አለው። ለእኛ ትዝታ ሲባል ብቻ የቀድሞውን ፊልም አራግፎ ማሳየት ሥራ አይባልም። የዛሬ ልጅ ከሞባይል ስልክ የውጭ አገር ካርቱን ያያል፤ ከእርሱ ጋር የምትወዳደረው ፀሐይ ዛሬ የምትጠይቀው አዲስ ጥያቄ ሊኖራት ይገባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። «በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በተነሣው ግጭት በሚሊዮን የሚቈጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ ትምህርት ቤት ሳይከፈት ስለ አሻንጉሊት ማውራት ምን ይሉታል?» የሚል ነው። እኔ ግን መልሱ እዚሁ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቦታ፣ ኬላ ሳያግደው ቤት የሚገባ አስተማሪ እጅግ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን መሰጠቱን እናስታውሳለን። እ.ኤ.አ. በ2020ም ከሶርያ ጦርነት ለሸሹ ሕፃናት «አህላን ሲምሲም» የተባለ የአሻንጉሊት ዝግጅት በዐረብኛ ተጀምሯል። ፍርሃትና ቍጣ ያደረበትን ልጅ አሻንጉሊት ታናግረዋለች፤ ለአባቱ ያልነገረውን እርሷ ስትናገርለት ይሰማል። ይህ ማለት አሻንጉሊቷ ትምህርት ቤትን ትተካለች ማለት አይደለም፤ በሩ እስኪከፈት ድረስ ልጁ መማር እንዳይረሳ ታደርገዋለች ማለት ነው።

ወደ አብደራፊ ልመለስ። በዚህ ቆላ የልጅ ሕይወት የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ነው። ካላዛር የተባለው በሽታ በአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል፤ ዝንቧም በዋልካው መሬት ስንጥቅና በግራሩ ጥላ አካባቢ ትገኛለች። ሳይታከም የቀረ ሰው አይተርፍም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ የታከመ ግን ይድናል። በአጨዳ ወራትም እባብ ነድፎ የሚጥለው ሰው አለ። ታዲያ ፀሐይ ከግራር ሥር የተኛ አጎቷን ቀስቅሳ፣ «አጎቴ፣ አጐበሩ የት አለ?» ብትለው፤ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈውን ጓደኛዋን ወደ ጤና ጣቢያ ይዛ ብትሄድ፤ የተነደፈውን እግር በምላጭ መብጣት ክፉ መሆኑን ብትናገር፣ ከስንት ስብሰባ ይልቅ አትሰማም? ደቡብ አፍሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2002 ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባትን «ካሚ» የተባለች አሻንጉሊት በልጆች ዝግጅታቸው ያስገቡት፣ ልጅ ከባድ ነገር መስማት የሚችለው ከጓደኛው አፍ መሆኑን ዐውቀው ነው።

ስለዚህ ፀሐይ ስትመለስ ሦስት ነገር ይደረግ እላለሁ። አንደኛ፣ የምታየው አገር ይስፋ፤ የከተማ ሳሎን ብቻ ሳይሆን የሰሊጥ ክምርና የአንገረብ ወንዝም ይታይ። ሁለተኛ፣ በመተማና በቋራ በኩል የሚኖረው የጉሙዝ ልጅ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት በመተማ በኩል የገባውም ሕፃን ራሱን የሚያገኝበት ጓደኛና ቋንቋ ይኑራት። ሦስተኛ፣ ቴሌቪዥን በሌለበት ቤት በሬዲዮ ትሰማ፤ ተረት ከምስል በፊት በጆሮ ገብቶ የኖረ ነውና።

እናንተ ወጣት ሹማምንትና ተማሪዎች ሆይ፣ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ላይ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። በጀት ሲደለደል «ለልጆች ዝግጅት» የምትለዋ መስመር ከመጨረሻ ተጽፋ በመጀመሪያ እንዳትሰረዝ ጠብቁ። እኛ ቤታችን ተቀምጠን በቀጭኔ ፊደል ለይተናል። ይህ ዕድል ነበር እንጂ ብልኀታችን አልነበረም። በአብደራፊ ሻይ ቤት ደጃፍ የቆመው ልጅ ተራው ደርሷል፤ መስኮቱን ወደ እርሱ እናዙርለት።