ጉዱማሌ የአንድ ቀን ሜዳ ነውን?

በከተማችን በሐዋሳ ስለ ጥበብና ስለ በዓል በተነሣ ቍጥር የሚነገረው አንድ ዓይነት ነው። ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል፤ ሐይቁ ውብ ነው፤ እንግዳም ይመጣል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን በዓሉ አልፎ ሕዝቡ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ ያ ሁሉ ዜማ ወዴት ይገባል? የሐይቁስ ዳር የማን ሆኖ ይከርማል? ብሎ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም።

ጉዱማሌ ማለት በሲዳማ ባህል ሕዝብ የሚሰበሰብበት፥ ማንም የግሌ የማይለው የጋራ ሜዳ ነው። ቀኑ ሲደርስ አያንቶዎች የከዋክብትን አካሄድ መርምረው ዕለቱን ይቈርጣሉ፤ ለየጎሳውም ይነገራል። ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ ከእንሰትና ከቅቤ የተሠራውን ቡርሳሜ ይበላሉ። ሽማግሌዎቹ ቄጣላውን፥ ወጣቶቹ ፋሮውን ይዘው ሜዳውን ይሞሉታል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን በዚህ በዓል ዘፋኝና ተመልካች ተብሎ የሚከፈል ሰው አለመኖሩ ነው። ሴቱም ወንዱም፥ ሕፃኑም ሽማግሌውም የዜማው ባለቤት ነው። ዩኔስኮም የመዘገበው ይህንኑ የሕዝብ ሥርዐት እንጂ የሜዳውን ሣር አይደለም፤ ሣሩን መጠበቅ የኛ ፋንታ ነው።

በተራው ቀንስ? ዘፈን መስማት የሚሻ ሰው ወደ ሆቴል ይሄዳል፤ ወደ ሆቴል የሚሄድም ኪሱን ዳብሶ ነው። በሐይቁ ዳር ወንበር በተዘረጋበት ሁሉ መቀመጥ ማለት ማዘዝ ማለት እየሆነ መጥቷል። አሞራ ገደል ዓሣው ከጀልባ በሚወርድበት ሰዓት ሳያዝዝ የሚስተናገደው አባ ኮዳ ብቻ ነው። የታክሲ ሒሳብ ብቻ የያዘው ተማሪ ወይም ከሥራ የተመለሰው የቀን ሠራተኛ በውሃው ዳር ጥቂት ተመላልሶ ወደ ቤቱ ይገባል። ክራር ሳይሰማ፥ ግጥም ሳይሰማ ማለት ነው። በዩኒቨርሲቲም ቢሆን ግጥሙና ድራማው ከአዳራሽ አይወጣም፤ ከግቢው ውጪ ያለው ወገናችን ወሬውን እንኳ አይሰማም።

አንዳንዶች ክፍት ቦታ ሁሉ ይቈሽሻል፥ ስለዚህ መታጠርና በክፍያ መግባት ይሻላል ይላሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ የጥቁር ውሃን ወንዝ ይቀበላል እንጂ በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለውም። የወደቀበት ፕላስቲክ ሁሉ እዚያው ይኖራል። ነገር ግን ዝናብ ከከተማው በየቦዩ ጠርጎ የሚያመጣውን ቈሻሻ የትኛው አጥር ያግደዋል? አጥሩ የሚያግደው ድኻውን ብቻ ነው። ደግሞስ በፍቼ ሽማግሌዎች ለሕዝቡ ከሚሰጡት ምክር አንዱ አገር በቀል ዛፍ አትቍረጡ የሚል አይደለምን? የሐይቁ ዳር ዋርካዎች ጥበቃ ከዘበኛ ደመወዝ አስቀድሞ በዚህ ምክር የተመሠረተ ነው። ሕዝቡን ከሜዳው አርቀን ምክሩን ለማን እንነግራለን?

ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጉዱማሌ ወይም በፍቅር ሐይቅ ዳር፥ በዋርካ ጥላ ሥር፥ ያለ መግቢያ ዋጋ ግጥምና ሙዚቃ ይቅረብ። የሲዳማ፥ የወላይታ፥ የአማራ፥ የኦሮሞ፥ የጉራጌ ልጅ በየቋንቋው ያሰማ፤ ከተማይቱ በ1952 ዓ.ም. ግድም ከተቈረቈረች ወዲህ ከየማዕዘኑ በመጡ ሰዎች የተሞላች ናትና ሰሚ አይጠፋም። የዓሣ አጥማጅ ልጅ የሚያውቀው ዜማ ካለው እርሱም ይቅረብ፤ ምናልባት ከኛ ይልቅ የሚደመጠው እርሱ ይሆናል። ሲጨርሱም ተማሪዎቹ ሜዳውን ለቅመው አጽድተው ይመለሱ።

ለማዘጋጃ ቤቱ የሚጻፈው የፈቃድ ደብዳቤ ከገጽ ግማሽ አይበልጥም። የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩን በአጀንዳ እንዲያስገባው እጠይቃለሁ። ማይክሮፎንና ድንኳን አንለምንም፤ ክራርና ከበሮ ያላቸው ተማሪዎች ግን ከአሁኑ ለጸሐፊው ስማቸውን ቢሰጡ መልካም ነው።