«ገና ወጣት ነህ፣ ጠብቅ» ሲባል

ዳሌው የተበላሸ የ35 ዓመት የወለጋ ገበሬ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይግባለት ሲባል «ገና ወጣት ነህ፣ ጠብቅ» ይባላል። ምክሩ መሠረት አለው፤ መገጣጠሚያው ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት 25 ዓመት የሚዘልቁት 58 በመቶ ያህሉ እንደሆኑ አሳይቷል። ወጣት ታካሚ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

መጠበቅ ግን በነጻ አይደለም። ማረስ ያቃተው አባወራ መሬቱን በእኩል ያሳርሳል፤ በሬ የሚጠብቀው ልጅም ከትምህርት ይቀራል።

ስለዚህ ዕድሜ ብቻውን አይወስን። ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳ፣ መድኃኒትና ምርኩዝም ካልረዱ፣ ቀዶ ሕክምናው አይዘግይ። አዲስ አበባ ከነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ጤና ቢሮው ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ታካሚው አገሩ ሲመለስ ክትትሉን ነቀምቴ ላይ ማን ያደርግለታል?